የተራቆቱ የግጦሽ መሬቶችን መልሶ ስለ ማልማት፤ ከቦረና ቆላ የተገኘ ትምህርት

ለእርዳታ ሥራ ኃላፊዎችና ለመስክ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል




ስለ በረሃማነት መስፋፋት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ የአሸዋ ክምር ሳይሆን አንድ ኩሬ ነው። ኩሬው ከያቤሎ ከተማ በስተደቡብ በሚገኝ ሜዳ ላይ በቡልዶዘር የተቆፈረ ሲሆን፣ እንዲቆፈር ተስማምተው ከፈረሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። በፈረምንበት ወቅት በሜዳው ላይ የነበረው ሣር የሰው ጉልበት ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለ ግጦሽ ውሃ በማጣት ብቻ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጥቅም መቅረቱ አሳዘነን፤ ውሃውንም ሰጠነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በድርቅ ጊዜ ወደዚያው ስመለስ ውሃው ነበረ፤ ሣሩ ግን አልነበረም። በኩሬው ዙሪያ መንደር ተመሥርቷል፤ ከመንደሩ ቀጥሎ ያለው መሬት እንደ አውድማ ተጠርጓል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ ከብት ሊያልፍበት የማይችል እሾህ ሞልቶታል። ከብቶቹ ውሃ ጠጥተው በረሃብ ይሞቱ ነበር። ሥራውን ያስፈጸመው መሥሪያ ቤት ያቀረበው ዘገባ ኩሬው በተያዘለት ጊዜና ገንዘብ መጠናቀቁን ይገልጻል። ዘገባው ሐሰት የለበትም።

ዛሬ የምናገረው በመሠረቱ ስለዚያ ፊርማ ነው። በድርቅ ወቅት በችኮላ የምንሰጠው ውሳኔ የሚመጣውን ድርቅ ጉዳት ሊያከብደው እንደሚችል፣ የተራቆተ ግጦሽም ሊያገግም የሚችለው ውሃውና ሣሩ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን ባለመብት በቦታው ሲኖር መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በረሃማነት ሲባል ብዙ ሰው ሰሐራ በረሃ ድንበሩን እየገፋ የሚመጣ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በናይሮቢ የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በሳህል አገሮች ላይ በደረሰው ድርቅ ማግሥት የተጠራ በመሆኑ፣ ይህ ሥዕል በብዙዎች አእምሮ ተቀርጾ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በጁን 17 ቀን 1994 በፓሪስ የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን በረሃማነትን የሚተረጉመው በደረቅ፣ በከፊል ደረቅና ዝናብ በሚያጥራቸው ሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ከአየር ጠባይ መለዋወጥና ከሰው ሥራ የተነሣ የሚደርስ የመሬት ጉዳት ነው በማለት ነው። ስለዚህ በረሃው ከሩቅ አይመጣም። በውሃ መቅጃው፣ በገበያው፣ በእህል ማደያው ዙሪያ ትንንሽ ሆኖ ይጀምርና እየሰፋ ሲሄድ እርስ በርሱ ይገናኛል። በቦረና ደግሞ አረንጓዴ መልክ ሊይዝ ይችላል። በመኪና ለሚያልፍ እንግዳ ጫካው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ከሥሩ አንድ ዘለላ ሣር ስለማይበቅል ግን ለላም ባለቤት በረሃ ነው።

የደቡብ የግጦሽ መሬት በመባል የሚታወቀው ክልል ስፋት ወደ 95,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። የቦረና አምባ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 እስከ 1500 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ገንና ነው፤ ሁለተኛውና አነስተኛው በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በኅዳር የሚያበቃው ሐጋያ ይባላል። አማካዩ ዝናብ ይህን ያህል ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ ሆኖም በእንዲህ ያለ አገር አማካይ ብዙም አይጠቅምም። ዝናቡ አንዱን ሸለቆ አጥግቦ ጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል፤ በዚህ ዓመት የተትረፈረፈበት ሜዳ በሚመጣው ዓመት ጠብታ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከብት አርቢው በአንድ ቦታ ተቀምጦ አማካዩን ሊጠብቅ አይችልም፤ ዝናቡ ወደ ዘነበበት ይሄዳል። ቀድሞ በጽሑፎቻችን «ዘላን» እያልን ስንጠራው አድራሻ የሌለው ሰው አስመስለነው ነበር። እርሱ ግን አንድ ሳይሆን ብዙ አድራሻ ያለው፣ በየትኛው ወር በየትኛው እንደሚገኝም የሚያውቅ ሰው ነበር።

የቦረና የውሃ አስተዳደር ምን ይመስል እንደነበረ ካልተረዳን ምን እንደተበላሸ ልንረዳ አንችልም። የበጋው መሠረት ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ዘጠኝ የቱላ ጉድጓዶች መንደሮች ሲኖሩ፣ ከእነርሱም ዱብሉቅና ጋዮ በሰፊው የታወቁ ናቸው። አንዳንዱ ጉድጓድ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ወጣቶች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እንደ መሰላል ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ የውሃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ እስከ ገንዳው ያደርሱታል። እያንዳንዱ ጉድጓድ መጀመሪያ ከቆፈረው ሰው ዘር የሚወርድ ኮንፊ የሚባል ባለመብት አለው፤ ተራውን ቀን በቀን የሚመራው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚወሰነው በእርሱ ሰብሳቢነት ሲሆን፣ ለጉድጓዱ ጥርጊያና ለውሃ ቅጂው ጉልበት ያላዋጣ ሰው ተራ አያገኝም። በበጋው ከብቶቹ በየሦስተኛው ቀን ብቻ ይጠጡ ነበር።

ይህ በየሦስት ቀኑ ማጠጣት ለብዙ ባለሙያዎች የውሃ እጥረት ምልክት ሆኖ ይታያቸዋል። በስሌት ስናየው ግን ሌላ ትርጉም አለው። በየቀኑ ውሃ የሚፈልግ ከብት ከጉድጓዱ ብዙም ሊርቅ አይችልም፤ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ይግጣል እንበል። በየሦስተኛው ቀን የሚጠጣው 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን የሚገጠው መሬት ግን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ ከ79 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 707 ካሬ ኪሎ ሜትር ያድጋል። የላሟ ወተት እንደሚቀንስ አርቢው ያውቃል፤ ለዚህም ሲል ጥቂት የሚታለቡ ላሞችንና ጥጆችን በመንደር አካባቢ ያስቀራል፤ ይህ ዋራ ይባላል። ወይፈኖችና የማይታለቡ ላሞች ያሉበት ፎራ የተባለው መንጋ ደግሞ ከወጣት እረኞች ጋር ወደ ሩቅ ይላካል። በገንና ጊዜ በዝናብ ውሃ በሚሞሉ ጊዜያዊ ኩሬዎች ዙሪያ ይግጡና፣ ኩሬዎቹ ሲደርቁ ያ ሜዳ በራሱ ይዘጋል፤ ሣሩም ዘር ጥሎ ሥሩን አጠንክሮ እስከሚቀጥለው ዝናብ ያርፋል። በዚያ ሜዳ ላይ የውሃ አለመኖር ራሱ አጥር ነበር። እኛ በኩሬያችን ያፈረስነው ያን አጥር ነው።

በእጅ የሚቀዳው ጉድጓድም እንደዚሁ አጥር ነበረው፤ አጥሩም የሰው ጉልበት ነው። በቀን ሊቀዳ የሚችለው ውሃ የተወሰነ ስለሆነ፣ ሊጠጣ የሚችለው ከብትም የተወሰነ ነበር። ይህን የምለው ድካሙን ለማወደስ አይደለም። ከ30 ሜትር ጥልቀት ውሃ በእጅ ማቀባበል ምን ያህል ከባድ ሥራ መሆኑን ያየ ሰው፣ ይልቁንም ውሃውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ቤት የሚመለሱትን ሴቶች የተመለከተ ሰው፣ ድካሙ ይቆይ አይልም። የምለው ድካሙን ስናስቀር ድካሙ ይሠራው የነበረውን የመገደብ ሥራ ሌላ ነገር ሊተካው ይገባል ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። ከ1967 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር በተካሄደው ሦስተኛው የእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክት፣ ያን ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በዚህ አካባቢ መንገዶች ተጠርገዋል፤ ኩሬዎች ተቆፍረዋል፤ የእንስሳት ክትባት ተሰጥቷል። ክትባቱ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ መንገዱም ለእርዳታ እህል ማጓጓዣ የጠቀመንን ያህል ሌላ ምንም አልጠቀመንም። ኩሬዎቹ ግን በብዙ ቦታ በዝናብ ጊዜ ብቻ ይገጥ የነበረውን ሜዳ የዓመት ሙሉ መኖሪያ አደረጉት።

በዚያው ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ደንን ለመጠበቅ በሚል ሐሳብ የግጦሽ መሬት ማቃጠል ተከለከለ። ክልከላው ለደጋው ደን የታሰበ ሳይሆን አይቀርም፤ በቆላው ግን ያስከተለው ተቃራኒውን ነው። ቦረናዎች በረጅሙ በጋ መጨረሻ፣ ገንና ሊገባ ሲል፣ የደረቀውንና የማይበላውን ሣር ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ ገና ቁመት ያላወጡትን የግራር ችግኞች ይገድላል፤ መዥገር ይቀንሳል፤ ከዝናቡ ጋር አዲስ ሣር ያወጣል። እሳቱ ሲቀር ፉለንሳ የሚሉት ቀንበጡ በጉንዳን የተሞላ ግራር በኮትቻው ጥቁር አፈር ላይ፣ ሰጰንሳ የሚሉት ጥምዝ እሾህ ደግሞ በቀዩ አፈር ላይ ተስፋፋ። አዩ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1991 በቦረና ያደረገውን ጥናት ጨምሮ፣ ከዚያም በኋላ የአገራችን ተመራማሪዎች ያቀረቧቸው ጽሑፎች የቁጥቋጦው ወረራ የአካባቢው ዋና ችግር መሆኑን መስክረዋል። ሽማግሌዎቹ ይህን ከተመራማሪዎቹ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

እሳቱና ኩሬው በአንድነት ሲታዩ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። እሳት የሚነድደው ሣር ሲኖር ነው። ሣሩ ዓመቱን ሙሉ ከተጋጠ የሚነድድ ነገር የለም፤ የሚነድድ ነገር ከሌለ ቁጥቋጦው ያድጋል፤ ቁጥቋጦው ሲያድግ የቀረውን ሣር ያፍናል። ስለዚህ ዛሬ ክልከላውን በማንሣት ብቻ መሬቱ ወደ ነበረበት አይመለስም። ከዚህ በተጨማሪ እርሻ በሸለቆዎቹ መልካም አፈር ላይ ተስፋፍቷል፤ የአስተዳደር ወሰኖችና የጎረቤት ግጭቶች የመንጋውን መንገድ አጥብበውታል፤ ሕዝቡም በዝቷል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ግን በእኛ በጀትና በእኛ ፊርማ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ስለሆኑ እነርሱ ላይ ማተኮር መርጫለሁ።

ውጤቱን ሁላችሁም በሥራችሁ አይታችሁታል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. በደረሱት ድርቆች በጥናት በታዩት መንደሮች ከከብቱ ከሦስት እጅ አንዱ እጅ በላይ አልቋል። በ1992 እና በ2003 ዓ.ም. ሌሎች ድርቆች ተከተሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲያልፉ ደግሞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎቻችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ፤ በዱብሉቅ፣ በዚያው በታላቁ የቱላ ጉድጓድ አጠገብ፣ ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ በላስቲክ ጎጆ ሰፈረ። አምስት ወቅት ዝናብ ሲጠፋ በየትኛውም አስተዳደር ቢሆን ከብት ይሞታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም በድርቁ የመጀመሪያ ወራት የሚጠብቅ የሣር ተቀማጭ ያለው አካባቢና የሌለው አካባቢ እኩል አይጎዱም።

በዚህ ላይ የእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ በማስታወሻው ሊይዘው ይገባል የምለውን አንድ ስሌት ላቅርብ። በሴኮንድ 5 ሊትር የሚሰጥ የጥልቅ ውሃ ጉድጓድ ቆፍረን ፓምፕ ተከልን እንበል። ፓምፑ በቀን ከስምንት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ቢሠራ 150,000 ሊትር ይሰጣል። አንድ ከብት 30 ሊትር ቢጠጣ 5,000 ከብት ይጠጣል ማለት ነው። በዘገባችን ላይ «ለ5,000 ከብት ውሃ ቀረበ» ብለን እንጽፋለን። ክብደቱ 250 ኪሎ የሆነ ከብት በቀን ስድስት ኪሎ ከሩብ ያህል ደረቅ ሣር ይበላል፤ 5,000 ከብት በ90 ቀን ከ2,800 ቶን በላይ ይበላሉ። በደህናው ዓመት ሄክታሩ አንድ ቶን ሣር ቢያወጣና ሥሩ እንዳይሞት ግማሹ ብቻ ቢጋጥ፣ ለሦስቱ ወራት ከ5,600 ሄክታር በላይ ያስፈልጋል። ይህም ማለት ከጉድጓዱ በአራት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ሣር በሙሉ፣ ድንጋዩና እሾሁ እንኳ ሳይቀነስ፣ በአንድ በጋ ያልቃል። በድርቅ ዓመት ደግሞ ሄክታሩ የዚህን ሲሶ ላያወጣ ይችላል። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ድርጅት የውሃውን መጠን ይለካል። ሣሩን የሚለካ ሰው ግን በኮንትራቱ ውስጥ የለም።

ወደ መልሶ ማልማቱ ሥራ ስንገባ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አስቦ መጀመር ያሻል፤ እረፍቱን፣ ቁጥቋጦውንና አፈሩን። ከሁሉም በፊት የሚመጣው እረፍት ነው። ሣር ከዝናብ በኋላ የሚያወጣው የመጀመሪያ ቅጠል በሥሩ ካስቀመጠው ስንቅ የሚወጣ ነው። ያ ቅጠል እንደወጣ ከተጋጠ ሥሩ ስንቁን ሳይተካ ዳግመኛ ያወጣል፤ ይህ ሁለትና ሦስት ዓመት ከተደጋገመ ሥሩ እያጠረ ሄዶ ተክሉ ይሞታል። ስለሆነም በበጋ መዝጋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ወሳኙ ሣሩ በሚያድግበት በገንና መዝጋት ነው። ብዙ የክልከላ ሥራዎቻችን ከንቱ የሆኑት ከብቱን በበጋ አስወጥተን በዝናቡ መጀመሪያ ስላስገባነው ነው። እጅግ ያልተጎዳ መሬት አንድ ወይም ሁለት ሙሉ የዝናብ ወቅት ካረፈ በራሱ ይነሣል፤ ለዚህ ዓይነቱ መሬት ዘር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቁጥቋጦን በሚመለከት በምግብ ለሥራና በሴፍቲኔት ያስመነጠርነው መሬት ብዙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ዛሬም ሣር ያለበት ጥቂት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለሠራተኛው የምንከፍለው በመነጠረው ሄክታር ስለሆነ ግራሩን ወገቡ ላይ ይቆርጠዋል፤ ጉቶው በሚቀጥለው ዝናብ በአንዱ ግንድ ፈንታ አምስትና ስድስት ያቆጠቁጣል። መሬቱ ከፊተኛው ይልቅ ይጠቀጠቃል። ክፍያው በሁለተኛው ዓመት ሞቶ በተገኘ ጉቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። መልካሙ አሠራር የሚቆረጠውን መርጦ፣ ትልልቆቹን ለጥላና ለአፈሩ ትቶ፣ ትንንሾቹን ከመሬት እኩል መቁረጥ፣ የተቆረጠውን እሾህ በጉቶው ላይ ከምሮ ማቃጠል፣ ከዚያም የሚያቆጠቁጠውን በፍየልና በግመል ማስበላት ነው። ቦረናዎች ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ ግመልና ፍየል ማብዛታቸው የከብት ባህላቸውን ስለ ረሱ አይደለም፤ አገራቸው ወደ ቅጠል ስለ ተለወጠ ቅጠል የሚበላ እንስሳ መያዛቸው ነው። ሣሩ ካገገመ በኋላ ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ፣ በሽማግሌዎች ፈቃድና በቂ ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ እሳቱ ይመለስ። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨልሙ ባለሥልጣኖች እንዳሉ አውቃለሁ። የሚያስፈራው ግን ማንም ሳይፈቅደው በድብቅ የሚለኮሰው እሳት ነው።

አፈሩ ቅርፊት አውጥቶ፣ ዝናቡ ሳይሰርግበት በጎርፍ በሚሄድበት መሬት ላይ ግን እረፍት ብቻ አይበቃም። ብዙዎቹ ዘላቂ ሣሮች ዘራቸው በአፈር ውስጥ ለረጅም ዓመት አይቆይም፤ እናቲቱ ተክል ከሞተች ጥቂት ዓመታት ካለፉ የሚበቅል ነገር አይኖርም። እንዲህ ባለው ቦታ ቅርፊቱን መስበር፣ አፋቸውን ወደ ዳገቱ ያደረጉ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው እርከኖች በእጅ መቆፈር፣ ጎርፉን በዚያ ማቆም፣ በውስጡም ከአካባቢው የተለቀመ የሣር ዘር መዝራት ይረዳል። በኒጀርና በቡርኪና ፋሶ ይህ ሥራ በሰፊው ተሠርቶበታል። አድካሚ ነው፤ ሄክታሩም ብዙ ጉልበት ይበላል። በመሆኑም ለመንደር አቅራቢያ፣ ለጥጆች ድርቆሽ ለሚታጨድበት ቦታ እንጂ ለሰፊው ሜዳ አይሆንም። ዘሩ ከሩቅ አገር ባይመጣ ይሻላል።

ይህን የመጨረሻውን የምለው በአፋር የሆነውን በማስታወስ ነው። በአዋሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ፕሮሶፒስ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዛፍ በረሃማነትን ለመከላከል፣ ጥላና ማገዶም ለመስጠት ታስቦ ተተከለ። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው በየመንገዱ ዘሩት። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል፤ የወረረውም የወንዙን ዳር፣ ማለትም አፋሮች ለበጋ ያስቀምጡት የነበረውን ምርጥ ግጦሽ ነው። አፋሮች ዛፉን ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው ሰይመውታል። ተካዮቹ በቅን ልቦና ነበር የሠሩት፤ የእኔም ኩሬ በቅን ልቦና ነበር የተቆፈረው።

ክልከላን በሚመለከት ቦረናዎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ካሎ ይባላል፤ በመንደር አጠገብ ለጥጆችና ለታመሙ ከብቶች የሚታጠር ግጦሽ ነው። ከታንዛኒያ ሺንያንጋ የተገኘው ተሞክሮም ይህን የመሰለ ነው። የሱኩማ ሕዝብ ንጊቲሊ ብሎ የሚጠራውን የቆየ የክልከላ ልማድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በፕሮግራም ስለ ደገፈው፣ ከ300,000 ሄክታር በላይ የሆነ መሬት ሣርና ዛፍ ሊመለስበት ችሏል። ነገር ግን ካሎ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ እንበል። መላው መንደር አጥሮት ለመላው መንደር ጥጆች የሚያገለግለው አንድ ነው። አንድ ባለጠጋ አጥሮት፣ በበጋ ሣሩን የሚሸጥበት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያርሰው ሌላ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በእርዳታ ገንዘብና በእርዳታ እህል የታጠረበት ጊዜ እንዳለ ማመን አለብን። ካሎው በበዛ ቁጥር ከውጭ የሚቀረው ክፍት መሬት ይጠባል፤ የሚጠበውም ከሁሉ ይልቅ ጥቂት ከብት ባለው ደኻ ላይ ነው። በየስምንት ዓመቱ በጋዮ የሚሰበሰበው የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮ፣ በግል አጥርና በእርሻ መስፋፋት ላይ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከብት ስላለቀባቸው ሰዎች መስፈር ጥቂት ልናገር፤ ይህ የኮሚሽኑ ዋና ሥራ ነውና። መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ እህል ወደሚታደልበት ይመጣል፤ በዚያም ይቀራል። ሁለት ዓመት በቆየ ሰፈር ዙሪያ ለማገዶና ለአጥር ያልተቆረጠ ዛፍ አይገኝም፤ የቀሩት ፍየሎችም ከሰፈሩ አይርቁም። እንዲህ ያለው ሰፈር በቱላ ጉድጓድ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ለበጋ የሚቀመጠውን ግጦሽ በሙሉ ይዘጋዋል፤ ከብት የተረፈላቸውም ሰዎች አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ የእህል ማደያውን ቦታ መምረጥ የግጦሽ ጉዳይ ነው፤ ከትራንስፖርት ክፍሉ ጋር ብቻ ሊወሰን አይገባም። ወደ መንጋ ለመመለስ አቅምና ፍላጎት ያለው ቤተሰብ ካለ፣ ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው የጎሣ መረዳጃ ከብት ላለቀበት ከብት የሚሰጥበት የቆየ ሥርዓት ነው። እኛ ከብት ገዝተን በዝርዝር ከምናድል ይልቅ በዚያ በኩል ብናልፍ ማን በእውነት ሊያረባ እንደሚችል ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። የማይመለሱም አሉ፤ በተለይ ትምህርት የጀመሩ ልጆች ያሏቸው። ለእነርሱ ሰፈሩ ከበጋው ግጦሽ ውጭ፣ በመንገድና በገበያ ዳር ይሁን።

የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. 2026ን የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ ሰይሟል። ክብሩ መልካም ነው። እኔ የምሻው ግን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ፎርም እንዲለወጥ ነው። ዛሬ የውሃ ሥራ መጠየቂያው ፎርም የጥልቀት፣ የውሃ መጠን፣ የተጠቃሚ ብዛትና የወጪ ቦታዎች አሉት። በእነዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጨመሩ አሳስባለሁ። ቦታው የዝናብ ግጦሽ ነው ወይስ የበጋ? ውሃው በየትኞቹ ወራት ይዘጋል? ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል? ለሦስተኛው ጥያቄ «በኮሚቴ» የሚል መልስ አይበቃም። የግጦሹ ሽማግሌዎችና የአጎራባቾቹ ጉድጓዶች አባ ሄሬጋዎች ቀርበው፣ የፓምፑ ነዳጅ ወይም የፀሐይ ሰሌዳው መቆለፊያ በእነርሱ ፈቃድ ብቻ እንደሚከፈት ሊፈርሙ ይገባል። በዝናብ ግጦሽ ላይ የሚቆፈር ከሆነ ደግሞ ለድርቅ ጊዜ ብቻ የሚከፈት የመጠባበቂያ ጉድጓድ ሆኖ ይመዝገብ፤ ሲከፈትም መዝጊያው ቀን አብሮ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ሥራውን አንድ ወይም ሁለት ወር ያዘገየዋል። ቦቴ ውሃ በሚያመላልስበት፣ ሰውም በጥም በሚጨነቅበት ወቅት ሁለት ወር ረጅም መሆኑን አልስተውም፤ ለሰው መጠጥ የሚሆነው ውሃ በቦቴ መምጣቱን ይቀጥል፤ የዘገየው የከብቱ ጉድጓድ ይሁን።

ነገ ጧት በሚቀርብላችሁ የጉድጓድ ጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ከቱላ ጉድጓዶች በስተምዕራብ ባለው ሜዳ ላይ የተጠየቁ ሁለት ቦታዎች አሉ። ቦታዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም የዝናብ ግጦሽ ናቸው፤ በአንደኛው ላይ ባለፈው ገንና ሣሩ ደህና ወጥቶበታል። በሁለቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሜዳው ሽማግሌዎች ተጠርተው እንዲጠየቁ፣ እስከዚያም ጥያቄዎቹ በእንጥልጥል እንዲቆዩ አመለክታለሁ።